ፖስተኛዋን ማስወጣት ያቃታት ጸሐፊ

የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ምድር ቤት ነው። መስኮት የለውም። ዝናብ መጣል አለመጣሉን እዚያ የሚሠሩት ሰዎች የሚያውቁት ከላይ የሚወርደው የአንሶላ ጋሪ ጎማው ረጥቦ ሲመጣ ብቻ ነው። በዚህ ክፍል ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት የሠራች ሴት ነበረች። ሠራተኛው ሁሉ «ዝምታ» ይላታል። እውነተኛ ስሟን የሚያውቀው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነው እየተባለ ይቀለድባት ነበር፤ እሷም አብራ ፈገግ ትል ነበር።

ሥራዋ ትልቁ መተኮሻ ላይ ነው። ማሽኑ እንደ ባለትዳር አልጋ ሰፊ ነው። ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ቆሞ እርጥቡን አንሶላ ጫፍና ጫፉን ይዞ ያጎርሰዋል፤ በወዲያኛው በኩል ደርቆና ተተኩሶ ይወጣል። ከእሷ ትይዩ የምትቆመው ባልደረባዋ «ራዲዮ» ትባላለች። ራዲዮ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት አፏ አይዘጋም፤ ማሽኑ ሲጮህ ድምጿን ከፍ ታደርጋለች እንጂ ወሬዋን አታቋርጥም። ሁለቱን ያጣመራቸው ተቆጣጣሪ ምን አስቦ እንደሆነ እንጃ፣ ብቻ ተስማምተው ኖሩ። አንዷ ታወራለች፣ አንዷ ትሰማለች፣ አንሶላው ይሄዳል።

አሥር ሰዓት ሲሆን ዝምታ በሩጫ አውቶቡስ ትሳፈራለች። እናቷ ከስድስት ዓመት በፊት ደረጃ ላይ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሯል፤ ከዚያ ወዲህ በእግራቸው ቆመው አያውቁም። ቀን ቀን ጎረቤቲቱ ብቅ እያለች ታያቸዋለች፣ አሥራ አንድ ሰዓት ካለፈ ግን ፊቷ ይጠቁራል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የልጅቷ ነው። ማገላበጥ፣ ማጠብ፣ ጀርባቸው እንዳይቆስል ቅባት መቀባት፣ ሾርባ በማንኪያ ማጠጣት። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። የእናትየው አልጋ ከውስጠኛው ክፍል ግድግዳ ጋር ተጠግቷል፤ ግድግዳው ላይ ከጣሪያ የወረደ እርጥበት ቢጫ ሆኖ ደርቋል።

ታላቅ ወንድሟ በመኪና ሦስት ሰዓት በሚያስኬድ ሌላ ከተማ የግንባታ ዕቃ መደብር አለው። እሁድ እሁድ ይደውላል። አንድ ጊዜ የሆስፒታሉ የአምቡላንስ ሾፌር ዝምታን ለትዳር ጠይቋት ነበር። ቁጥብ፣ ደግ ሰው ነበር። ለወንድሟ ስትነግረው በስልኩ ውስጥ ረጅም ትንፋሽ ተሰማ።

«ደስ ይላል። ግን እማዬን ለማን ትተሽ?» አለ።

ሾፌሩ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ጠበቀ፣ ከዚያ ሌላ አገባ። የአምቡላንሱን አንሶላ ግን እስከ ዛሬ የምትተኩሰው እሷ ናት።

እናትና ልጅ በሳምንት አንድ ደስታ ነበራቸው። ቅዳሜ ከሰዓት በቴሌቪዥን የሚተላለፍ ተከታታይ ድራማ ነው፤ ስለ አንዲት የድንበር ከተማ። በድራማው ውስጥ ኮንትሮባንዲስቶችም፣ የሚጣሉ ፍቅረኞችም፣ ተንኮለኛ የጉምሩክ ኃላፊም ነበሩ። እናትና ልጅ የወደዱት ግን በየክፍሉ ቢበዛ አምስት ደቂቃ የምትታየውን ፖስተኛ ነው። ቦርሳዋን በደረቷ አቋርጣ ቤት ለቤት የምትዞር፣ ለማንም የማትበገር ሴት ናት። አንድ ቅዳሜ ፖስተኛዋ የሰው ደብዳቤ አሳልፌ አልሰጥም ስትል የጉምሩክ ኃላፊው መጋዘን ውስጥ ቆለፈባት። የቁልፉ ድምፅ ተሰማ፤ ዘፈኑ ገባ። በሚቀጥለው ሳምንት «ድራማው ለጊዜው ተቋርጧል» የሚል ጽሑፍ ወጣ፤ በዚያው ቀረ።

«እንዴ! ልጅቷን እንደቆለፉባት ወዴት ሄዱ?» አሉ እናቷ። ሳምንቱን ሙሉ ሲናደዱ ከረሙ።

ዝምታ አውቶቡስ ውስጥ ስልኳን ስትነካካ ቴሌግራም ላይ አንድ ቡድን አገኘች። ስሙ «ፖስተኛዋን ፍቱልን» ይላል። ድራማው ከቆመበት እየቀጠሉ የየራሳቸውን ታሪክ የሚጽፉ ተመልካቾች ናቸው። ደሞዝ የሚከፍላቸው የለም፣ ጻፉ ያላቸው የለም። አንድ ጎማ ጠጋኝ «ጎማው» በሚል ስም አጫጭርና የሚያስቁ ታሪኮችን ያወጣል፤ በእሱ ታሪክ የጉምሩኩ ኃላፊ ሁልጊዜ አንድ ነገር ላይ ተቀምጦ ሱሪው ይቀደዳል። ዝምታ መጀመሪያ ያነበበችው ይህንን ነው። በሥራ የዛለች ሴት፣ አውቶቡስ ውስጥ እንደ ዕቃ ተጠቅጥቃ ቆማ፣ ብቻዋን ሳቀች። የተሳፈረው ሰው ዞር ብሎ አያት። ከዚያን ቀን ጀምሮ የጎማውን ጽሑፍ ሳታነብ አትውልም። ይህ የማታውቀው ሰው ምን ያህል እንዳሳረፋት ልትነግረው ፈልጋ፣ ምን ብላ እንደምትጀምር ጨንቋት፣ «ተባረክ» ብላ ብቻ ላከችለት።

ከወራት በኋላ እሷም ጻፈች። ስሟን «አንዲት ተመልካች» አለች። ከምሳ በኋላ ባለችው ሃያ ደቂቃ ንጹሕ አንሶላ የሚከማችበት ክፍል ገብታ፣ የአንሶላ እስሮቹ መሃል ተቀምጣ፣ በአውራ ጣቷ ትጽፋለች። በእሷ ታሪክ ሱሪ አይቀደድም። ፖስተኛዋ መጋዘኑ ውስጥ ናት። በጨለማ ውስጥ ፖስታዎቹን በእጇ እየዳሰሰች ወፍራሙን ከቀጭኑ ትለያለች። የጠባቂውን ኮቴ እየቆጠረች ቀንና ሰዓት ታውቃለች። ግድግዳው ላይ ውሻ የሚመስል እርጥበት አለ፤ እሱን ታናግረዋለች። እንዲህ እንዲህ እያለ ምዕራፉ አሥር ሆነ፣ ሠላሳ ሆነ፣ ስልሳ አንድ ደረሰ። ፖስተኛዋ ግን አልወጣችም።

አንባቢዎቹ ለመኗት። «ኧረ በናትሽ አስወጫት!» ይሏታል። እሷም አስባ ሦስት ጊዜ ሞክራለች። በሩን ትከፍተዋለች፣ ፖስተኛዋን ደፍ ላይ ታቆማታለች፣ ከዚያ ወዲያ ወዴት እንደምትሄድ አይታያትም። እጇ ስልኩ ላይ ይደርቃል። ሰርዛው መልሳ ትቆልፍባታለች።

ማታ ማታ ከእራት በፊት ምዕራፉን ለእናቷ ታነብላቸዋለች። ማን እንደጻፈው አልነገረቻቸውም። እናትየው ጸሐፊው ወንድ ነው ብለው ደምድመዋል።

«ይሄ ሰውዬ ግን ምን ዓይነት ጨካኝ ነው? ሴት ልጅ ታስራ ማየት ይወዳል መሰለኝ» ይላሉ።

«እሱም ቸግሮት ይሆናላ፣ እማዬ።»

«ምን ይቸግረዋል? ብዕሩ በእጁ፣ ቁልፉ በእጁ! በይ ቀጥዪ እስቲ።»

አንድ ሐሙስ ተቆጣጣሪው የትራስ ልብስ ሊቆጥር እዚያ ክፍል ገባና እስሮቹ መሃል አገኛት። ስልኳን ከእጇ ነጠቀ። የሥራ ሰዓት ሊደርስ ሦስት ደቂቃ ቀርቶት ነበር፤ እሱ ግን ይህን አልሰማም። መተኮሻው ፊት ቆሞ ለሠራተኛው ሁሉ ጮክ ብሎ አነበበ።

«‹ፖስተኛዋ ጆሮዋን በሩ ላይ ለጠፈች። ከወዲያ በኩል የሚተነፍስ ሰው ያለ መሰላት።› እንዴ! ዝምታ ደራሲ ሆናለች!»

ሳቁ ከግድግዳ ግድግዳ ተጋጨ። ራዲዮም ሳቀች።

«ደሞ የራሷ እኮ አይደለም» አለ ስልኩን እያገላበጠ፣ «ከቴሌቪዥን ላይ የለቀመችው ነው። ሰው የሰው ልጅ ያሳድጋል፣ ይቺ የሰው ድራማ ታሳድጋለች።»

ዝምታ ፊቷ እንደ ፍም ቀላ። እጇን ዘርግታ ስልኳን ተቀበለች፣ አንሶላዋን አነሳች፣ መተኮሻውን አጎረሰች። እስከ አሥር ሰዓት ቀና አላለችም። የሳቁት ሰዎች አልነበሩም ያቆሰሏት። «የራሷ አይደለም» ያለው ነገር ነው እንደ እሾህ ተሰክቶ የቀረው። አውቶቡስ ውስጥ ቴሌግራሙን ከስልኳ አጠፋችው። ባላት ሕይወት ውስጥ አንዲት ጠባብ ቀዳዳ ነበረች፤ እሷንም በገዛ እጇ ደፈነቻት።

ሰባት ሳምንት ሙሉ አንድ ፊደል አልጻፈችም። ሥራ፣ አውቶቡስ፣ ሾርባ፣ ቅባት፣ እንቅልፍ፤ እንደገና ሥራ። እናቷ በየማታው ይጠይቃሉ።

«ያ ሰውዬ ሞተ እንዴ?»

«እንጃ እማዬ።»

«ከሞተ ነፍሱን ይማረው። ካልሞተ ግን ይሄ ምን ይባላል?»

በስምንተኛው ሳምንት፣ ማሽኑ ተበላሽቶ ጥገና የሚሠራውን ሰው ሲጠብቁ፣ ራዲዮ አጠገቧ መጥታ ተቀመጠች። ለአንድ ደቂቃ ያህል ዝም አለች። ይህ ያልተለመደ ነገር ስለሆነ ዝምታ ደነገጠች።

«አመመሽ እንዴ?»

«አላመመኝም። የዚያን ቀን ስቄብሻለሁ» አለች ራዲዮ። «ቤት ስገባ ግን ያ ከበሩ ወዲያ የሚተነፍሰው ሰው ማን ይሆን አልኩ። እንቅልፍ ነሳኝ። ፈልጌ ቡድኑን አገኘሁት። ስልሳ አንዱንም ምዕራፍ በዘጠኝ ቀን ጨረስኩ። ባሌ ስልክ ያገባሁ መስሎታል።» ስልኳን አውጥታ ጉልበቷ ላይ አደረገች። «ቡድኑ ውስጥ ምን እየተደረገ እንደሆነ አይተሻል?»

«አጥፍቼዋለሁ።»

«እንግዲያው እዪ።»

ዝምታ አየች። መጀመሪያ መልእክቶቹን ነበር ያየችው፣ ከሦስት መቶ በላይ ናቸው። «አንዲት ተመልካች ታማለች ወይ? የምትኖርበትን የሚያውቅ አለ ወይ?» ይላሉ። አንድ የከባድ መኪና ሾፌር ጭነቱ ሳይራገፍ አንድ ኬላ ላይ አሥራ ሦስት ቀን ሲቆም ምዕራፎቹን ሦስት ጊዜ ደጋግሞ እንዳነበበ ጽፏል። «ኮቴ መቁጠር ከእሷ ተማርኩ፤ ባትኖር ኖሮ ከዘበኛው ጋር እደባደብ ነበር» ብሏል።

ከዚያ ሌላ ነገር መጣ። በአምስተኛው ሳምንት ጎማው ለቡድኑ እንዲህ ብሎ ጽፎ ነበር፦ «ይቺ ልጅ ስልሳ አንድ ምዕራፍ ሰጥታናለች። ምናልባት ደክሟት ይሆናል። እስቲ ደሞ እኛ እናግዛት። እያንዳንዳችን ፖስተኛዋን በየራሳችን መንገድ እናስወጣትና እንላክላት።» አርባ ሦስት ሰው ጻፈ። ብዙዎቹ በሕይወታቸው ከማመልከቻ በቀር ምንም ጽፈው የማያውቁ ናቸው። ፊደሉ የተገለባበጠ አለ፣ ነጥብ የሚባል ነገር የማያውቅ አለ። በአንዱ ጣሪያው ተቀዷል፣ በአንዱ ጠባቂው ፍቅር ይዞታል። በአንዱማ ቁልፉ ከመጀመሪያውም ቦርሳዋ ውስጥ ነበር።

«የኔ ሠላሳ አንደኛው ነው» አለች ራዲዮ። «አንብቢው፣ ግን አትሳቂ።»

በራዲዮ ታሪክ ፖስተኛዋ በቁልፍ ቀዳዳ በኩል ሁለት ቀን ሙሉ ሳታቋርጥ አወራች። ጠባቂው ጭንቅላቱ ሊፈነዳ ሲደርስ በሩን ከፍቶ «በእግዜር ይዤሻለሁ፣ ሂጂልኝ!» አላት። ዝምታ አነበበችና ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ እንባዋ መጣ። በአንሶላ ጫፍ ፊቷን ጠረገች፤ ራዲዮ «ገና አሁን የታጠበ ነው እኮ!» ብላ ቀማቻት።

ዝምታ ቴሌግራሙን ስልኳ ላይ መልሳ ጫነች። በዚያ ሳምንት በየማታው ስድስት ሰባት እያደረገች ለእናቷ አነበበችላቸው። እናትየው እንደ ዳኛ ሆኑ። «ይሄኛው ቀላማጅ ነው።» «ይሄ ልጅ ደህና ነው፣ ግን ቸኮለ።» «በቁልፍ ቀዳዳ የምታወራዋን ድገሚልኝ።» በመጨረሻው ማታ አርባ ሦስቱ አልቀው አንድ ደብዳቤ ብቻ ቀረ። የጻፈችው ሴት ታሪክ አልላከችም። ዝምታ ቀድማ አላየችውም ነበርና እንዳለ አነበበችው።

«ለጸሐፊዋ። እኔ ማስወጣት አልቻልኩበትም። ባሌ ሥራ ሲሄድ ከውጭ ቆልፎብኝ ይሄድ ነበር፣ አራት ዓመት። ስልኬን ዱቄት ውስጥ ደብቄ አንብቤሻለሁ። ሰው ሁሉ አስወጫት ሲልሽ እኔ በልቤ አታስወጫት እል ነበር። ቶሎ ብትወጣ ኖሮ ውሸት ነው ብዬ እተወው ነበር። እዚያው ሆና በጨለማ ፖስታ ስትለይ ሳይ ነው፣ ለካ ተዘግቶብኝም ሰው ነኝ ያልኩት። አሁን እህቴ ቤት ነኝ። እንዴት እንደወጣሁ ሌላ ጊዜ እነግርሻለሁ። አንቺ ግን አለሁ በይን።»

«ጸሐፊዋ?» አሉ እናቷ። «ሴት ናት እንዴ?»

«አዎ።»

«ማናት?»

ዝምታ ስልኩን አልጋው ላይ አስቀመጠችው። «እኔ ነኝ፣ እማዬ።»

እናትየው አልሳቁም፣ እልልም አላሉም። ዓይናቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩና ቢጫውን እርጥበት ብዙ ጊዜ አዩት።

«ያ ውሻ የምትይው ይሄ ነው?»

«አዎ።»

«ጆሮው እዚህ ጋ፣ ጅራቱ እዚያ ጋ። ስድስት ዓመት ሳየው ውሻ መሆኑ አልታየኝም።» ዓይናቸውን ወደ ልጃቸው መለሱ። «እንግዲያው በሩን የዘጋሁብሽ እኔ ነኛ።»

«ኧረ አይደለም፣ እማዬ! እንዲህ አትበዪ።»

«አትዋሺኝ። እኔ እግሬ ነው የተሰበረው፣ ጆሮዬ ደህና ነው። ስልሳ አንድ ማታ አነበብሽልኝ እኮ።»

ዝምታ ወደ አልጋው ተጠጋች። እጃቸውን ይዛ ቁጭ አለች። ሾርባው በረደ።

እሁድ ወንድሟ ሲደውል እናትየው ስልኩን አምጪው አሉ። «ከሁለት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ ትመጣለህ» አሉት። «ጠዋት መጥተህ ማታ ትሄዳለህ።»

«እማዬ፣ ቅዳሜ እኮ ገበያ ነው፣ መደብሩን ለማን ትቼ—»

«እሱን ጥያቄ እህትህን ስትጠይቃት ኖረሃል። አሁን ራስህ መልሰው። እየለመንኩህ አይደለም፣ እየነገርኩህ ነው።» ብለው ስልኩን ዘጉት።

በዚያ ቅዳሜ የቡድኑ ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ በአካል ሊገናኙ ተቀጣጥረው ነበር፣ በጎማው ሱቅ። ዝምታና ራዲዮ አብረው ሄዱ። ሱቁ የጎማ ሽታና የሙጫ ሽታ ይሸታል። አሥራ ዘጠኝ ሰዎች አሮጌ ጎማ ላይ ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። ጎማው ራሱ ሽበታም፣ እጁ እስከ ክርኑ የጠቆረ፣ ዓይን አፋር ሰው ሆኖ ተገኘ። ዝምታ ከኋላ፣ የመኪና ክሪክ አጠገብ ተቀመጠች። ስለ ምዕራፍ ሃያ አራት ይከራከሩ ነበር፤ ጠባቂው ዳቦውን በበሩ ሥር የሰደደው አዝኖ ነው ወይስ ፈርቶ? አንዲት ተማሪ «ፈርቶ!» አለች፤ የከባድ መኪናው ሾፌር «አዝኖ!» ብሎ ጉልበቱን መታ። ዝምታ ለመናገር አላሰበችም። ሰው እንዲህ አድርጎ የጻፈችውን እንደ ራሱ ዘመድ ጉዳይ ሲጣላበት መስማት በቂዋ ነበር።

ራዲዮ ግን አምስት ደቂቃ ቻለች፣ ስድስተኛውን አልቻለችም። «ምን ያጨቃጭቃችኋል? እሷን አትጠይቋትም እንዴ? ይቻትና!»

ሁሉም ዞረ። ማንም አላጨበጨበም። ጎማው ከተቀመጠበት ተነስቶ እጁን በሱሪው ጠራረገና መልሶ አየው፤ አሁንም ጥቁር ነው። ስለዚህ ክርኑን ዘረጋላት። እሷም ክርኑን ጨበጠች።

«‹ተባረክ› ብለሽ የላክሽልኝ አንቺ ነሽ» አለ። «የመጀመሪያዬ ነበር። ከዚያ በፊት ማንም ምንም ብሎኝ አያውቅም። ልተወው አስቤ ነበር።»

ከዚያ አንድ ጡረተኛ መምህር አራት ደብተር ታቅፈው መጡ። ባለቤታቸው ዓይናቸው ጠፍቷል፤ መምህሩም የስልኩ ፊደል ስለሚያስቸግራቸው ምዕራፎቹን አንድ በአንድ በእጃቸው በትልልቅ ፊደል ገልብጠው ነው የሚያነቡላቸው።

«ምዕራፍ አርባ መጨረሻው ላይ ተቆርጦብኛል» አሏት ደብተሩን ከፍተው። «‹ፖስተኛዋም ደብዳቤውን ደረቷ ላይ አድርጋ ተኛች› ይልና ባዶ ነው። ባለቤቴ ከዚያ ወዲያስ እያለች አሳበደችኝ። ይቅርታ፣ ልጄ፣ ታስታውሽዋለሽ?»

ታስታውሰዋለች። እሳቸው እስክሪብቶአቸውን አዘጋጁ፣ እሷ ቀስ ብላ ነገረቻቸው፦ «የማን እንደሆነ አታውቅም፤ የሚጠብቀው ሰው እንዳለ ግን ታውቃለች።»

መምህሩ ጽፈው ነጥቡን አደረጉና ደብተሩን ዘጉ። «መቼ ታስወጫታለሽ?» ብለው አልጠየቋትም። የጠየቀቻት ተማሪዋ ናት።

«እንጃ» አለች ዝምታ። ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። «እናንተ አርባ ሦስት ጊዜ አስወጣችኋት። እኔ ገና አልቻልኩም።»

«አትቸኩዪ» አለ ጎማው። «እኛ የት እንሄዳለን?»

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቤቷ ደረሰች። ወንድሟ በሩ ላይ ቆሟል። የሸሚዙ እጅጌ ተጠቅልሎ፣ ደረቱ ረጥቦ፣ ፀጉሩ ተንጨባሮ ሲታይ መደብር ያለው ሰው አይመስልም። ከኋላው ወለሉ ላይ ሁለት የቆሸሹ አንሶላዎች ተጠቅልለዋል፣ ሾርባ ተደፍቷል፣ እናትየው ግን አልጋቸው ላይ ደህና ተኝተዋል።

«ሦስት ጊዜ ቀየርኳት» አለ። «ሳገላብጣት አመማት፣ ጮኸችብኝ። ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር።» ከዚያ እህቱን አያት፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ በደንብ። «አንቺ ስድስት ዓመት ይሄን እንዴት ቻልሽው?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን «ምን ይደረግ» ትለው ነበር። ቦርሳዋን ከትከሻዋ አወረደች።

«አልቻልኩም» አለችው።

ወንድሟ በሩን ተደግፎ ወደ ታች ተንሸራተተ። ደፉ ላይ ተቀመጠና ጭንቅላቱን ያዘ። እሷም አላባበለችውም።

ሕይወቷ በዚያን ቀን ተገለበጠ ማለት ውሸት ይሆናል። ዛሬም ምድር ቤት ናት፤ ተቆጣጣሪውም ያው ተቆጣጣሪ ነው። ወንድሟ በወር አንድ ቅዳሜ ይመጣል፣ ሁለት ጊዜ ቀርቷል፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ሳይጠሩት መጥቶ አስደንግጧቸዋል። ዝምታ ስልሳ ሁለተኛውን ምዕራፍ ከዚያ ቅዳሜ በኋላ በነበረው ማክሰኞ አወጣች፤ ዛሬ ሰባ ስምንት ላይ ደርሳለች። አሁን እናትየው ገና ሳይጻፍ ነው የሚያርሙት። ያን የጉምሩክ ኃላፊ በጥፊ የሚመታው ሰው ይፈልጋሉ። ልጅየዋ ደግሞ አይሆንም ትላለች። እስካሁን አልተስማሙም።